እትዬ ይታይሽ እና የሲኞር ካርሜሎ ስም

ወይዘሮ ይታይሽ በላቸው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ዌስተን ሰፈር በሚገኘው መኖሪያቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ፣ እዚያው ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አብሬያቸው ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ፣ የጥንት የእጅ ጽሕፈት ማንበብንም ከእርሳቸው የተማርኩ ባልደረባቸው ነኝ።

እትዬ ይታይሽ ከአገር ወጥተው የካናዳ ወረቀታቸው እስኪደርስ ሲሲሊ ውስጥ በሰው ቤት ሠርተዋል። አሠሪያቸው ዓይናቸው የደከመ የደብር መዝገብ ጠባቂ ስለነበሩ፣ የጥምቀት መዛግብቱን ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው እትዬ ነበሩ። ያ ሥራ የዕድሜ ልክ ጉጉት ሆኖባቸው ቀረ። ቶሮንቶ ከገቡም በኋላ፣ ማፊያ በሚባሉት የአሜሪካ ወንበዴዎች መካከል ስማቸው የገነነ የሲሲሊ ዘሮች ከየትኛው መንደር፣ ከማን ቤት እንደወጡ በኮምፒውተር ይከታተሉ ጀመር። ኒውዮርክ ላይ የተጋደሉ ሁለት ሰዎችን የጥምቀት መዝገብ ያገኙ ዕለት ደወሉልኝ። «ነይ እዪ! ሁለቱንም ክርስትና ያነሳቸው አንድ ሰው ነው። ምን አጣላቸው?»

«ሰው ሲወለድ ወንበዴ ተብሎ አይመዘገብም፤ የእገሌ ልጅ ተብሎ ነው» ይሉ ነበር።

በመጦሪያው ሲኞር ካርሜሎ የሚባሉ ሲሲሊያዊ አዛውንት ነበሩ። ነፍሰ ጡር የልጅ ልጃቸው «ወንድ ከሆነ በእርስዎ ስም እጠራዋለሁ» ብትላቸው ተቆጡ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ያስገደለ አንድ ወንበዴ በስምም በቤተሰብ ስምም ሞክሼያቸው ነበርና፣ አባታቸው በእርሱ ስም እንደሰየሟቸው ያምኑ ነበር። ለእትዬ ብቻ «ይህ ስም ደም አለበት» ብለው ነገሯቸው።

እትዬ በብሬክ ሰዓታቸው ሁሉ አራት ወር ፈለጉ። ያገኙትን ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ። ወንበዴው የአዛውንቱ የአጎት ልጅ ነበር።

«እትዬ፣ ዘመድ አይደለም ይበሏቸው። በዚህ ዕድሜ ማን ያጣራል?» አልኳቸው።

«እኔ አጣርቻለሁ» አሉኝ።

በማግሥቱ ከሲኞር ካርሜሎ ጎን ወንበር ስበው ተቀመጡ። በጣሊያንኛ «ሰውየው የአጎትዎ ልጅ ነው» አሏቸው። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እትዬ ግን ከመዝገቡ ያተሙትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው። «ይህንንም ይዩ። እርስዎ ሳይወለዱ የሞቱት የሁለታችሁ አያት ካርሜሎ ይባሉ ነበር። በእናንተ ወግ የበኩር ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራ የለም? ስሙ የእርሳቸው ነው። ያ ሰው በስሙ የሠራውን ሠራ፤ እርስዎ በዚሁ ስም ጫማ ሲሰፉ ኖሩ።»

«የአያቴ ሥራ ምን ነበር?» አሉ ሲኞር ካርሜሎ ቀስ ብለው።

«ድኝ ቆፋሪ። መጻፍ ስለማይችሉ በመስቀል ፈርመዋል። ይኸውና።»

አዛውንቱ ያቺን መስቀል በጣታቸው ደጋግመው ዳበሷት። በጸደይ የልጅ ልጃቸው ወንድ ልጅ ወለደች፤ ካርሜሎ ተባለ።

እትዬ ይታይሽ፣ ትናንት አንድ የሲሲሊ መዝገብ ከፍቼ የአንዲት እናት ስም ማንበብ አቃተኝ። ልጠይቅዎ ስልኬን አነሳሁ፤ ቁጥርዎን ነክቼ ነው መሞትዎ ትዝ ያለኝ። ደህና ይሁኑ እትዬ። የሴትዮዋን ስም እንደምንም ብዬ አነበዋለሁ።