ሁለት ጊዜ የተሳበው ገመድ

ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። አንድ ሰዓት ላይ ከተራራው ግርጌ የሚገኘውን የመንገድ መሪዎች ማሠልጠኛ የዕቃ ክፍል ይከፍታል፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስም አርባ ሁለት ገመዶችን አንድ በአንድ በመዳፉ ውስጥ ያሳልፋል። የሚመረምረው ዐይኑን ጨፍኖ ነው፤ ዐይን ቀለም ያያል እንጂ የውስጥ ቁስል አያይም ባይ ነው። የሳሳ ገመድ ሲያጋጥመው ቀይ ክር ያስርበትና ለብቻው ይሰቅለዋል። ከሰዓት በኋላ ሠልጣኞችን ይፈትናል።

ሠልጣኞቹ «ባለሰዓቱ» ይሉታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ፣ የተራራው ጫፍ በእጅ የሚዳሰስ ያህል ቢቀርብ እንኳ፣ ቡድኑን አዙሮ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ነውና። «እሱ የሞተ ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ከሆነ ቀባሪዎቹን ከመንገድ ይመልሳቸዋል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ዳቦ ቤት ወረፋ ይዞ ወይም ደረጃ ሲወጣ፣ አንድ ነገር ወገቡን ከኋላው ሳብ ያደርገዋል። ጠበቅ፣ ላላ። ጠበቅ፣ ላላ። ዞር ሲል ማንም የለም። ሚስቱ በመንገድ ላይ ድንገት መገተሩን ለምዳዋለች።

«ደግሞ አሁን ማን ጠራህ?» ትለዋለች።

«ጫማዬ ነው፤ ጣቴን ይዞኝ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚቆነጥጥ ጫማ! የፋብሪካው ባለቤት ቢሰማ ይሸልምህ ነበር።»

ከፍታው ላይ ነፋሱ ቃልን ከአፍ ነጥቆ ስለሚወስድ፣ በአንድ ገመድ የታሰሩ ሰዎች የሚነጋገሩት በገመዱ ነው። አንድ ጊዜ መሳብ «ጠብቀኝ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ መሳብ ደግሞ «ይብቃን፣ እንመለስ»። ሁለት ጊዜ የተሳበለት መሪ ይመለሳል፤ ምክንያት አይጠይቅም። ላይም አይጠይቅም፣ ታች ወርዶም አይጠይቅም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ለጣሰው ሰው ግን ማንም ከገመዱ ጫፍ አይታሰርለትም።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት እሱና የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ በማግሥቱ ለሚወጣው ቡድን መንገድ ሊከፍቱ ሁለቱ ብቻ ወጡ። መሪው እሱ ነበር፤ ወንድሟ ከኋላው። ከጫፉ በታች፣ በረዶው እንደ መስታወት በጠነከረበት ሸንተረር ላይ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ቆመ። ጫፉ ከዚያ ሆኖ ይታይ ነበር። «ገመዱ ድንጋይ ይዞት ነው» አለ ለራሱ፤ ሄደም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገመዱ ዳግም ሁለት ጊዜ ተሳበ። በዚያ ሸንተረር ላይ አንድም ድንጋይ እንደሌለ ያን ጊዜም ያውቅ ነበር።

ጫፉ ላይ ወንድሟ የፊት መሸፈኛውን ወደ ታች አወረደ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ገመዱ ደርሶህ ነበር?» አለው፣ ጆሮው ሥር ተጠግቶ።

«ነፋስ መስሎኝ» ሲል መለሰለት።

ወንድሟ አንገቱን ነቀነቀ። ሲወርዱ በሸንተረሩ መካከል እንደ ደከመው መንገደኛ ቁጭ አለ፤ የከፍታ ሕመም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ነበርና ከዚያ አልተነሣም።

ለቅሶ ላይ ሚስቱ አንገቱን አንቃ «ምን አለ? ሲጨርስ ምን አለ ወንድሜ?» ስትለው፣ አፉ ያመጣለትን ሰጣት፦ «እስከ መጨረሻው ‹እንቀጥል› ይል ነበር።» ይህን ሐሰት ለማጽናኛ ብሎ ወረወረው፤ ሐሰቱ ግን ሥር ሰደደ። የሟቹ ፎቶግራፍ በማሠልጠኛው አዳራሽ ተሰቀለ፤ ከሥሩም በወርቅ ቀለም «እስከ መጨረሻው ‹እንቀጥል› ያለ ቆራጥ» ተብሎ ተጻፈበት። ሠልጣኞች ጠዋት ጠዋት የሚሰለፉት ከዚያ ፎቶግራፍ ፊት ነው።

ከሠልጣኞቹ አንዷ የሟቹ ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ሳለ ወደ አክስቷ ቤት መጣች፤ እሱ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት አድርሷታል፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮም ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ሃያ አራት ሞልቷት ከባልደረቦቿ ሁሉ አንደኛ ናት። ባለፈው እሑድ በመሪነት ፈተናዋ ላይ አራት ሰዎች አስከትላ ወጣች። ሰኞ ጠዋት ውጤቷን ሊሞላ ከዕቃ ክፍሉ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጣት። ከአራቱ አንዷ፣ ቀድሞ ነርስ የነበረችው ሠልጣኝ፣ ሦስት ጣቶቿ በብርድ ጠቁረው ሐኪም ቤት ተኝታለች።

«ሁለት ጊዜ ስቤ ነበር ትላለች» አላት።

«ስባለች። ሰነፍ ናት፣ ጋሼ፤ ከሥር ጀምሮ ስታለቃቅስ ነበር። ለመድረስ መቶ እርምጃ ቀርቶን እንዴት ልመለስ?»

«ሕጉስ?»

ልጅቷ ሣቀች፤ ሣቋ ቁርጥ የአባቷ ነው። «ሕጉ ለፈሪ ነው። አባቴ እንኳን ሁለቴ፣ ሃያ ጊዜ ቢስቡት ይመለስ ነበር? አንተው አይደለህ የነገርከን?»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ከሚገባው በላይ ቆየ፤ ቀና ሲል ዓርብ ነይ ብሎ እንዳሰናበታት እንኳ በቅጡ አያስታውስም። ማክሰኞ የማሠልጠኛው ኃላፊ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «የቆራጡን ልጅ ልትጥልብን ነው እንዴ? እሷ እኮ የመጪው ዓመት ትልቁ ቡድን መሪያችን ናት» አለው። ባለሰዓቱ የያዘውን ገመድ ወደ መስቀያው መለሰ። በዚያ ቀን ወገቡ ላይ ስምንት ጊዜ ተሳበ፤ ቆጠረው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ለሚስቱ ነገራት። ሳህን እያደራረቀች ነበር። ሸንተረሩን፣ ሁለቱን መሳብ፣ ዳግመኛውን ሁለት መሳብ፣ «ነፋስ መስሎኝ» ያለውን ሁሉ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ጫማዬ ነው ስትለኝ የኖርከው...» አለችና አቆመች።

«አዎ።»

«ጠርቶሃል ማለት ነው። ወንድሜ ጠርቶሃል፤ ሰምተሃል።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ባለ ይሻለው ነበር። «ለልጅቷ ሳትነግር ይህን ቤት እንዳትረግጥ። ከነገርካት በኋላ ስለ እኔና ስለ አንተ አስብበታለሁ።»

ሐሙስን በዕቃ ክፍሉ ወንበር ላይ ለመንገድ መሪዎች ማኅበር የሚገባ ደብዳቤ ሲጽፍና ሲቀድ ዋለ። ዓርብ ልጅቷ ስትመጣ «ፈተናውን አላለፍሽም» ብሎ ገጽ ተኩል የሆነውን ወረቀት ሰጣት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ከመሃል ስትደርስ ተቀመጠች።

«ፈርቶ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አሞት ነበር። ሕመሙን ከእኔ ቀድሞ አውቆታል፤ በሥርዓቱ ነገረኝ። በዚያ ገመድ ላይ ሥራውን በትክክል የሠራው እሱ ብቻ ነበር።»

ልጅቷ ወረቀቱን በአራት አጠፈችው። እንባዋ መጥቶ አልፈሰሰም። «ለእኔ ነገርከኝ፤ ይበቃል። ጥለኸኛል፣ ተቀብያለሁ፤ ነርሷን ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ይህን ግን ለማኅበሩ አታስገባው። አባቴ ግድግዳው ላይ ይቆይልኝ፣ ጋሼ። ሌላ አባት የለኝም።»

«ግድግዳው ላይ ያለው አባትሽ አይደለም፤ የእኔ ውሸት ነው።»

«ካስገባኸው ዐይንህን አላየውም። እውነቴን ነው!»

እውነቷን እንደሆነ አወቀ፤ ያሳደጋት እሱ ነውና ስትዝትና ስትምል ይለያል። ከግድግዳው ማዶ ሠልጣኞቹ ለማታው ትምህርት ሲሰለፉ ይሰማል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ስለ ወፍራም ካልሲው ቀልዶ ሌሎቹ ይሥቃሉ። በወር ውስጥ ሁሉም ሸንተረሩ ላይ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ከኋላ ሆኖ ይስባል፤ ከፊት ያለውም የወርቁን ጽሑፍ ያስታውሳል።

እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ወረቀቱን እስክትለቀው ድረስ ብዙ ቆየች፤ ከለቀቀችው በኋላም ፊቷን ወደ ገመዶቹ አዞረች። እሱ አልለመናትም። ደረጃውን ወጣ፤ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይም ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ነበር፣ ጋሼ? የፈተና ውጤት ነው?»

«ስለ አንድ ሞት የሰጠሁትን ቃል ማስተካከያ ነው» አላት፤ «የመሪነት ፈቃዴንም አብሬ መልሻለሁ። ዛሬውኑ መዝግቢልኝ።»