በሃምሳ የጾሙት እናት

የያዙኝ ከስብሰባ ስወጣ ነው። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ «ማዳበሪያው ገበሬው እጅ አልገባም፤ ዘንድሮ ካልዘራ ለከርሞ ይራባል» ብዬ ተናግሬ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ ወዳለ አንድ መጋዘን ወሰዱኝ። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር በሚገባው ብርሃን ስምንት ሴቶች ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው አየሁ።

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እናት ከገሳይ ወዲያ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማዳበሪያ ሊጠይቁ ወጥተው ነው የተያዙት።

«መርማሪው ‹ማን ላከሽ?› አለኝ» አሉኝ። «‹ግንቦት ላከኝ› አልኩት። የሰው ስም መስሎት ይሁን እንጃ፣ ጻፈው።»

እዚያ የሚበላው ቤተሰብ ያመጣው ነው። የእሳቸው አገር መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ጠያቂ አልነበራቸውም። ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«እማማ፣ ይቅረቡ እንጂ።»

«ጾም ነኝ፣ ልጄ።»

በማግስቱም ጾም ነኝ አሉ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ያውም በሃምሳው፣ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማወቃችንን እሳቸውም ያውቃሉ። መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው ታጠቁ።

ከዓረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ወጣት አብራን ነበረች። እህቷ ያመጣችላትን ዳቦ ይዛ ተነሣችና ፊታቸው ተንበርክካ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ታላቅ እያለ እኛ ብንቆርስ ነውር ነው። አንቱ ባርከው ይቁረሱልን።»

ዳቦውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ቆረሱ። ዘጠኝ ነን፤ አሥር ቦታ አደረጉት።

«አሥረኛው የማን ነው?» አልኩ።

«በር ላይ የቆመው ሰውዬ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

ጠባቂው ግራ ቀኙን አይቶ ተቀበላቸው፤ ጀርባውን ሰጥቶን በላ። እሳቸው የራሳቸውን የጎረሱት ከሁላችንም በኋላ ነው።

ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ለዘር ይድረሱ አይድረሱ አላወቅሁም።

እኔም ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አሁን በየገጠሩ እየዞርኩ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ለእርዳታ እመዘግባለሁ። «ዛሬ ምን ቀመሳችሁ?» ስላቸው «ተመስገን፣ ጠግበናል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቶሎ አልጽፍም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።