እግሯን የምታየው በቅሎ

ከትናንት በስቲያ አመሻሽ ላይ ደረጃ ስወርድ መብራት ጠፋ። ለደባርቅ ሰው የመብራት መጥፋት ምን ብርቅ ነው! እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ቀኝ እግሬን አንስቼ ነበር፤ መሬት ይርገጥ፣ አየር ላይ ይንጠልጠል ግን አላወቅሁም። አምና ወድቄ የዚሁ እግሬ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ነበር። ጎንደር ያከመኝ ሐኪም፣ ጅማት አጥንትን ከአጥንት የሚያስር ገመድ ብቻ አይደለም አለኝ፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ነርቮች ጉልበት ምን ያህል እንደታጠፈ፣ እግር የት እንደደረሰ ለአንጎል ይነግራሉ። እንስሳም እንዲሁ ነው ሲለኝ ሸጋ ትዝ አለችኝ።

ሸጋ የአባቴ በቅሎ ነበረች። ያኔ እኔ ገና ኮረዳ ነኝ። አንድ ክረምት ድንጋይ አንሸራትቷት የፊት ቀኝ ጉልበቷ አበጠና ክፉኛ አነከሰች። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን የሚያድነው እሳት ነው፤ አባቴም ማጭድ አግሎ ጉልበቷን ዙሪያውን ተኮሳት። የተቃጠለው ጠጉር ሽታ ከግቢያችን ቶሎ አልወጣም። ቁስሉ ሲደርቅ ማንከሷ ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ እጁ መድኃኒት ነው አለ፤ አባቴም ትንሽ ተኩራራ።

እኔን ግን ነገሩ አላማረኝም። ሸጋ ከመራመዷ በፊት አንገቷን ደፍታ ያንን እግር ታየዋለች፤ ከረገጠች በኋላም መልሳ ታየዋለች። የገዛ እግሯን እንደ ባዕድ! ለአባቴ ስነግረው መዳኗ ገርሟት ነው ብሎ ሳቀብኝ።

በመስከረም እህቴ ዘነቡ መውለጃዋ ደረሰ። የምትኖረው ከሳንቃ በር ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው፤ በሸጋ አስቀምጠን ልናመጣት እኔና አባቴ ሄድን። ስንመለስ ጥዋቱ ብራ ነበር። እርጥቡ ጦስኝ ይሸታል፤ ዘነቡ ኮርቻው ላይ ሆና ቆሎ ትቆረጥማለች። አፋፉ ጋ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ውስጥ ወጥቶ ሸፈነን።

ሸጋ ቆመች። ልጓሙን ይዤ ከደረቷ ተጠግቼ ስለነበር ጉልበቷ ይታየኛል፤ ከጉልበቷ በታች ግን ነጭ ጉም ብቻ ነው። አንገቷን ደፍታ እግሯን ፈለገችው፤ አጣችው። ከዚያ ወደ ገደሉ በኩል ዘረጋችው፤ አየር ላይ አቆመችውና፣ የረገጠች መስሏት፣ ቀስ ብላ ዘንበል አለች።

«ዘነቡ፣ ወደኔ ውደቂ!» አልኋት።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወደቀችብኝ፤ ከታች ሆኜ ተቀበልኋት። ልጓሙ ከእጄ ተመዘዘ። ድንጋይ ሲንኮታኮት ለመስማት ጠበቅን፤ ምንም የለም። ሸጋ አልጮኸችም። አባቴ ከኋላችን ደጋግሞ በስሟ ጠራት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ከብት አልተኮሰም።

ከትናንት በስቲያ እግሬን አንስቼ ስቀር፣ ሸጋ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ገባኝ፤ ምንም አልተሰማትም። ወደ ጨለማው አጎንብሼ እግሬን ስፈልግ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። የዘነቡ ልጅ ናት፤ ያኔ ኮርቻው ላይ በእናቷ ሆድ የነበረችው።

«እትዬ፣ ረግጠዋል እኮ» አለችኝ።

እሷን አምኜ ክብደቴን ጣልሁ።