በወጥ ቤት በር የገባሁበት የፋሽን ትርኢት

ይህ ነገር የገጠመኝ ጦርነቱ ከሐይቅ በወጣ በዓመቱ ነው። ለሰሚው የሚያስቅ ነው፤ እኔም ሳወራው እየሳቅሁ ነው የምጀምረው። መጨረሻው ላይ ግን ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔና ሞሚና ሐይቅ ከተማ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪኖቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንሠራ የኖርን ነን። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትጠልፋለች። ጠዋት ስንጨቃጨቅ ማታ ስንታረቅ ዕድሜያችን አለቀ። እሷ ለጁምዓ ስትሄድ ደንበኛዋን አስተናግዳለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስስም የኔን ደንበኛ እሷ ታጫውታለች።

ጦርነቱ ሊደርስ ሲል፣ አንድ የደሴ ነጋዴ ለአዲስ አበባ ዲዛይነር የሚሆን የወሎ ቀሚስ አዝዞን ነበር። ጥቁር ነው፤ ደረቱና እጅጌው በእጅ የሚጠለፍ። ሞሚና ደረቱንና ቀኝ እጅጌውን ጨርሳ የግራው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ከተማው ታመሰ።

"አንቺ ያዢው፤ እኔ እናቴን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?" አለችኝ። እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ።

ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልዬ ከሰዉ ጋር ተሰደድኩ። ስመለስ ሞሚና የለችም። ስኳር ነበረባት፤ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ኖሯል። ጀናዛዋ ላይ እንኳ አልቆምኩም። የስፌት መኪኖቻችንም ተወስደዋል።

የቀረውን እጅጌ እኔ ጠለፍኩት። የሷ ጥልፍ ጥብቅ ያለ ነው፣ የኔ ላላ ይላል። የተቀባበልንበትን ቦታ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጨርሼ ለነጋዴው ሰጠሁት።

ከወራት በኋላ ነጋዴው መጥቶ፣ ያ ቀሚስ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለው ሎጅ ውስጥ በሚደረግ የፋሽን ትርኢት ላይ ሊለበስ ነው አለኝ። ሞሚና የሠራችው ልብስ ሰው ላይ ሲሄድ ማየት ነፍሷ ነበር። ደንበኛዋ ለብሳ ስትወጣ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ነበር የምትሸኛት። እኔ ካላየሁላት ማን ያይላታል ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ድግስ ካለ ጥሪ አይጠበቅም፤ ባዶ እጅም አይኬድም። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ የክት ቀሚሴን ለበስኩ፣ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ተሸክሜ ሄድኩ።

ሎጁ በር ላይ ከአዲስ አበባና ከደሴ የመጡ መኪኖች ተሰልፈዋል። ያገሬ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጥበቃው እንግዶቹን ካርድ እየጠየቀ ያስገባል። እኔን ግን ምንም አልጠየቀኝም። ሸክሜን አየና፣ "እማማ፣ ወጥ ቤት በኋላ በር ነው! ምን አስቆየዎ?" ብሎ በጣቱ አመለከተኝ።

ገባሁ። ዋናዋ ምግብ አብሳይ ቀና ብላም አላየችኝ። "እሰይ፣ ደረሽልኝ! በአላህ ይዤሻለሁ፣ ያን ዓሣ ቶሎ ቶሎ ፋቂልኝ" ብላ ቢላዋና ሳፋ ሰጠችኝ። እንግዳ ነኝ ለማለት አፈርኩ። የክት ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩና የዓሣ ቅርፊት መፋቅ ጀመርኩ። ሞሚና ብታየኝ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር።

ልብስ የሚያሳዩት ልጆች ወደ መድረኩ የሚያልፉት በወጥ ቤቱ ጓሮ ነው። አንዷ መለሎ ልጅ ተራዋን ልትጠብቅ አጠገቤ ቆመች። ቀና ስል ቀሚሳችንን ለብሳዋለች።

ብድግ አልኩ። እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

"ምነው እናቴ?" አለችኝ።

"ይሄን ጓደኛዬ ናት የጠለፈችው። ልነካው ፈልጌ… እጄ ግን ዓሣ ዓሣ ይላል።"

"ጓደኛዎ የታለች?"

"አልፋለች።"

ልጅቷ በአንድ እጇ ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሌላው ጆጉን አነሳችና እጄን ታስታጥበኝ ጀመር። ከውስጥ አንዱ "ተራሽ ነው!" እያለ ይጮኻል። "ይጠብቁ!" ብላ መለሰችለት። እጄን በደንብ አደረቅሁና ከሞሚና ጥልፍ ተነስቼ ላላ እስከሚለው ድረስ በጣቴ ዳሰስኩት። ልጅቷ ክንዷን እንደዘረጋች ቆየችልኝ። "አብሽሩ እማማ" አለችኝ፤ የደሴ ልጅ ኖራለች። ከዚያ ሄደች።

ቀሚሱ መድረኩ ላይ ሲሄድ አላየሁትም። ከመጋረጃው ወዲያ ጭብጨባውን ብቻ ሰማሁ። ወደ ዓሣዬ ተመልሼ፣ እንደ ልማዴ ወደ ጎን ዞር ብዬ "ሰማሽ?" ልል ስል፣ የማላውቃት ሴት ድንች ትልጣለች።

ልጅቷ ለዲዛይነሯ ነግራት ኖሮ፣ ዘንድሮ ሲመጡ ለሐይቅ ሰው ወንበር ተለየለት። አጥር ሥር ቆመው የነበሩት ሴቶች በፊት በር ገቡ። እኔም በረንዳዬ ድረስ ካርድ መጣልኝ። "ለሁለት ሰው" ይላል። ጎረቤት አላጣም፣ ዘመድም አይጠፋም። ብቻዬን ሄድኩ።

በሩ ስለተከፈተ ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ግን ከዓሣው ሳፋ ይልቅ እዚያ ለስላሳ ወንበር ላይ ነው ብቸኝነቱ የባሰብኝ። ሊጀመር ሲል አንዲት የአገሬ ሴት ዘግይታ መጣች። ቦታው ሞልቷል። በጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ይዛ፣ "ሰው አለው?" አለችኝ።

"አለው" አልኳት።

እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ያ እስካሁን ይቆጨኛል። ዛሬም ብትጠይቀኝ ግን "አለው" የምላት ይመስለኛል።