ባለ ነጭ ጓንቱ ሽማግሌ

ሰናይት ሶዶ ላይ ወርቅ ቤቷን ከከፈተች ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይመጣ የማይቀር አንድ ሽማግሌ አለ። ኮቱ ሰፊ ነው፣ ጫማው የሚኖርባትን የዲምቱን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ቀኝ እጁ ላይ ግን እንደ ሙሽራ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ከደረት ኪሱ በክብ ፕላስቲክ የታሸገች የወርቅ ሳንቲም ያወጣል። ለመታሰቢያ የተሠራች፣ ሰብሳቢዎች የሚያስቀምጧት ዓይነት ናት፤ ገበያ ወጥታ ጎመን አትገዛም።

«ዛሬስ ታበራለች፣ ልጄ?» ይላታል።

«ከእኔ በላይ ታበራለች፣ አባባ። እስቲ አንዴ ልንካት?»

«ኧረ በስመ አብ! የጣት አሻራ ካረፈባትማ አበቃላት!»

ከዚያ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፏት ባጃጅ ይሳፈራል።

በዚህ ቅዳሜ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ገባ። ጓንቱን አወለቀ፤ ፕላስቲኩንም ራሱ ፈለቀቀው። ሽማግሌው ሳንቲሟን በአውራ ጣቱ ዳበሰና እንደ ተኮረኮረ ልጅ ተንከተከተ።

«ለካ ትቀዘቅዛለች! በይ አቅልጪልኝ።»

«አባባ፣ አንዴ ከቀለጠች እኮ አትመለስም! ስንት ዓመት የጠበቋትን?»

«እሷ እሺ ካለች አንቺ ምን አገባሽ?»

«እሷ ማን ናት?»

ሽማግሌው ከባዶው ጓንት ውስጥ በቀጭን ጣት ልክ የተቋጠረ ክር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አንዱን ቀለበት በዚህ ልክ» አለና፣ ያልተሸፈነ ጣቱን ዘረጋላት፤ «ሌላውን በዚህ።»