ሁለት እጅ ነጭ ቀለም

ይሄን ስሙኝ፤ መሃል ላይ አታቋርጡኝ። «እሱ ነው ያጠፋው» ተብሎ ስለተወራ ከራሴ አፍ ስሙት።

ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ሐዲዱ ባሕሩን ታክኮ በሚሄድበት፣ አንዲት ቁራጭ መንደር አለች። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ከሱዳን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እዚያ ቀለም ልቀባ ሄድኩ። አለቃዬ ሐበሻ ናቸው፤ ቸርች የማውቃቸው ትልቅ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው። አንድ ቫን፣ ሁለት መሰላልና አንድ ሠራተኛ አላቸው። ሠራተኛው እኔ ነኝ። ጆቡ የተዘጋ የባቡር ጣቢያ መቀባት ነው፤ የመንደሩ ኮሚቴ ሬስቶራንት ሊያደርገው አስቧል።

ጋሼ ጠዋት ያወርዱኛል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱኛል። ቀኑን ብቻዬን ነኝ፤ ከአንዲት አሮጊት ፈረንጅ በቀር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕቃ ባቡር ያልፋል፤ መቆም ቀርቶ ፍጥነት እንኳ አይቀንስም። እሳቸው ግን ቀደም ብለው መጥተው ውጭ አግዳሚው ላይ ይጠብቁታል። መጀመሪያ ቀን ተነስቼ እማማ አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ሳንድዊቼን ተካፈልን።

የመንደሯን ነገር ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ጫካ ብቻ ነበር። ጥዱን እየቆረጠ የጣሪያ ክዳን የሚያወጣ ፋብሪካ ቆመ። ባቡሩ ፋብሪካውን ብሎ መጣ፣ ሰው ባቡሩን ብሎ መጣ። ጣቢያው ፖስታ ቤትም ነው፣ ወሬ መስሚያም ነው፣ ሚስት መፈለጊያም ነው። ዝናብ ሲበዛ ዳገቱ ሐዲዱ ላይ ይናዳል፣ መንደሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ጫካው አለቀ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ትልቁ የመኪና መንገድ ወደ ላይ በኩል ተሠራ። አንድ ቀን ባቡሩ ሳይቆም አለፈ።

«የነገረን የለም» አሉኝ። «ሻንጣችንን ይዘን ቆመን ነው ያወቅነው።»

በማግስቱ ጋሼ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ፤ ውስጡንም ጨርስ አሉ። የሳንቃ ግድግዳ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ሳንቃ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ለየብቻ ከታተመ አነባለሁ፤ እንዲህ ተያይዞ እንደ ትል ሲሳብ ግን ወፍ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

«የዱርዬ ጭረት ነው፤ ቀባው። ዓርብ ስብሰባ አላቸው፣ ሐሙስ ማለቅ አለበት።»

የታዘዝኩት አንድ እጅ ነበር። አንድ እጅ ብቻ ብቀባው እርሳሱ ከሥር ይታይ ነበር። ግን እኔ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እናቴ ሽንኩርት ስትሸጥ ምርቃት ሳትጨምር ሰው አትሸኝም። ይሄ ለእማማ ጣቢያ ምርቃት ይሁን አልኩና፣ ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት አዲስ እስኪመስል ፋቅሁት። ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ አለበስኩት። እያፏጨሁ።

ሐሙስ እማማ መጥተው በሩ ተከፍቶ አዩ። ደፉ ላይ ቆመው፣ ገና ሳይገቡ፣ ነገሩኝ። ከመንደሩ የሚሄድ ሁሉ ባቡር ከመሳፈሩ በፊት ስሙን እዚያ ይጽፋል፤ የተመለሰ ከስሙ ሥር ያሰምራል። ታላቅ ወንድማቸው ጦር ሜዳ ሲሄድ ጽፏል። መስመር የለውም። ሬሳውም አልመጣም። በእጁ የጻፈው ነገር ያለው እዚያ ሳንቃ ላይ ብቻ ነው፤ ኮሚቴው ከዓርቡ ስብሰባ በፊት ማንም አይነካውም፣ ከዚያ ነቅለን እንሰጥሻለን ብሏቸዋል። እኔ ላስቆማቸው ወደ በሩ ተራመድኩ፤ ቀደሙኝ።

ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ከላይ ወደ ታች። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ እጃቸው ነጭ ሆነ። ባቡሩ ሲያልፍ እንኳ አልወጡም። ቆይተው ዞረው አዩኝ።

«ሥራህ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቫኑ ውስጥ፣ ጽሑፉ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ኮሚቴው ኮል አድርጎላቸዋል። ለአንዷ ሳንቃ ከተነቀለ ሁሉም የአባቴን ስጡኝ ይላል፣ ሬስቶራንቱ ያለ ግድግዳ ይቀራል፤ ሶ ከስብሰባው በፊት ይለቅ ተባሉ።

«ታዲያ ለምን እርስዎ አልቀቡትም?»

«አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» አሉና ሬዲዮኑን ከፈቱ።

ዓርብ ስብሰባው ላይ ከኋላ ቆምኩ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አዝናለሁ አለ፤ ሠራተኛው ማንበብ የማይችል ስደተኛ ነው፣ በስህተት ነው አለ። አዳራሹ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እማማ ብቻ አልዞሩም። ጋሼ አጠገቤ ሆኖ አዎን አዎን እያለ አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ኦኬ፣ እናንተ የኮሚቴ ሰዎች፣ አንተም ጋሼ፦ ማንበብ እንደማልችል ያወቃችሁት ከቀባሁት በኋላ ነው፣ ወይስ ብሩሹን እኔን ያስጨበጣችሁኝ ማንበብ ስለማልችል ነው?