ሰው ሲፈልግ የሚጽፋቸው ቃላት

ሥራ የጀመርኩት ቤቴል ነው፤ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ። የድረ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅ ተብዬ ስቀጠር፣ ለድረ ገጽ የሚጻፍ ነገር ለጋዜጣ ከሚጻፈው በምን እንደሚለይ እንኳ አላውቅም ነበር። አለቃዬ አቶ ፍሰሐ ወንበሬን አሳዩኝ፣ ኮምፒውተሩን ከፈቱልኝ፣ ወዲያው ሥራ ሰጡኝ። ስለ ውሃ ታንከር ጻፊ አሉኝ።

ደንበኛው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ድረ ገጻቸው ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ጽሑፉ ነው።

“ቁልፍ ቃላችን ‘የውሃ ታንከር በአዲስ አበባ’ ነው” አሉኝ አቶ ፍሰሐ። “ሰው ስልኩ ላይ እሱን ብሎ ሲፈልግ እኛ ከላይ መውጣት አለብን። ስለዚህ በየዓረፍተ ነገሩ አስገቢው።”

“በየዓረፍተ ነገሩ?”

“የፍለጋ ማሽኑ ቃሉን ደጋግሞ ካየ ያስቀድመናል።”

እንደታዘዝኩት ጻፍኩ። “የውሃ ታንከር በአዲስ አበባ ከፈለጉ፣ የእኛ የውሃ ታንከር በአዲስ አበባ ካሉት ሁሉ የተሻለ የውሃ ታንከር በአዲስ አበባ ነው” የሚል ነገር ሆነ። አቶ ፍሰሐ አንብበው “በርቺ” አሉኝ።

ጽሑፉ በወጣ ማግስት ሐጂ ሙዘሚል ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።

“ልጄ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ደህና ነው?”

“ምን ሆነ ሐጂ?”

“አንድ ደንበኛ ሱቄ ገብቶ እንዲህ እያለ ቢያናግረኝ አምቡላንስ ነው የምጠራለት።”

ሳቄን ዋጥኩና ለአለቃዬ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ገጹም ከላይ ሊወጣ ቀርቶ ማንም ገልጦ የማያየው ቦታ ወርዶ ተቀመጠ። የፍለጋ ማሽኖቹ ያንን ዓይነት ድግግሞሽ ካወቁበት ቆይተው ነበር፤ እኛ ነን የዘገየነው።

ስለ አቶ ፍሰሐ አንድ ነገር ልናገር። ወደዚህ ሥራ ከመምጣታቸው በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ። ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ሳይለይ የሚጽፍ ሰው ያማቸዋል። ጽሑፍ የሚወዱ ሰው ናቸው። ግን ማሽኑን ይፈሩት ነበር። ዓረፍተ ነገር ሲበላሽ እያዩ ዝም የሚሉት፣ ማሽኑ እንዲህ ነው የሚፈልገው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

አንድ ጠዋት “ሀያት፣ ነይማ እዪ” ብለው ጠሩኝ። ስክሪናቸው ላይ ወደ ሐጂ ሙዘሚል ገጽ የመጡት ጥቂት ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የፍለጋው ሳጥን ውስጥ ምን ብለው እንደጻፉ ይታያል። የሰዎቹ ስም የለም። የጻፉት ቃል ብቻ ነው ያለው።

“ታንከር ውስጥ የቆየ ውሃ ለምን ይሸታል።” “ቆርቆሮ ጣሪያ ታንከር ይችላል ወይ።” “ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚመጣበት ሰፈር የትኛው ታንከር ይበቃል።” አንዱ ደግሞ “አከራይ ታንከር አታስገባም ካለ ምን ይደረጋል” ብሎ ጽፏል።

ቆሜ ሁሉንም አነበብኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁልፍ ቃል ማለት እኛ ቢሮ ውስጥ የምንመርጠው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ በዚያኛው ወገን ሰው አለ። ጣሪያው ይወድቅብኛል ብሎ የሚሰጋ፣ አከራዩን የሚፈራ፣ ጎረቤቱን ለመጠየቅ ያፈረውን ነገር ለስልኩ የሚነግር ሰው። እሱ የጻፋት ቃል በማላውቀው መንገድ ተጉዛ እኔ ፊት ደረሰች።

ገጹን እንደገና ጻፍነው። ቁልፍ ቃሉን ርዕሱ ላይ አስገባሁ፣ መግቢያው ላይ አንዴ ደገምኩት፣ ከዚያ የሰዎቹን ጥያቄዎች ንዑስ ርዕስ አድርጌ ሐጂ ሙዘሚል በስልክ የነገሩኝን መልስ ከሥር ከሥሩ ጻፍኩ። ገጹ ቀስ እያለ ወጣ። ሐጂም ደወሉ፤ “አሁን ዳነ” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፍኩ። ስለ በርና መስኮት፣ ስለ ማሽከርከር ትምህርት፣ ስለ ሠርግ አዳራሽ። ሥራውን በደንብ የለመድኩ የመሰለኝ ጊዜ ዶክተር መሠረት መጡ።

ዶክተር መሠረት የአጥንት ሐኪም ናቸው። ከእኛ ቢሮ ብዙ ሳይርቅ የልጆች ክሊኒክ ከፍተው ነበር። እግራቸው ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወለዱ ሕፃናትን ያክማሉ። ቢሮ ገብተው እንደተቀመጡ ጉዳያቸውን በአጭሩ ነገሩን።

“ሕክምናው አለ፤ ልጆቹ ይድናሉ። ችግሩ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ቶሎ ሲመጡ ይቀላል። እናቶቹ ደግሞ ልጁን በጨርቅ ጠቅልለው ቤት ይቀመጣሉ። ይህ ነገር እንዲደርሳቸው ነው የምፈልገው።”

የጻፉትን ሰጡኝ። የተጠነቀቁበት፣ ንጹሕ ጽሑፍ ነበር። “በተፈጥሮ የሚከሰት የእግር አቀማመጥ ችግር” ይላል ርዕሱ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲፈልጉ ምን ብለው እንደሚጽፉ አየሁ። “የእግር አቀማመጥ ችግር” ያለ ሰው አላገኘሁም። “ቆልማማ እግር” ይላሉ። “ልጄ እግሩ ቆልማማ ሆኖ ተወለደ።” “ቆልማማ እግር እርግማን ነው ወይ።” አንዷ “እርጉዝ ሆኜ ምን አጥፍቼ ነው የልጄ እግር የዞረው” ብላለች። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፉም ነበሩ። “ሕፃን” የሚለው ቃል ደግሞ በስንት ዓይነት ሀ እና ፀ እንደተጻፈ አይተው አቶ ፍሰሐ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

ጥያቄዎቹን ስልኬ ላይ ያዝኳቸው። በሚቀጥለው ቀን ክሊኒኩ ሄድኩ።

“ዶክተር፣ ‘ቆልማማ’ የሚለውን ቃል ካላስገባነው እናቶቹ አያገኙንም” አልኳቸው።

ፊታቸው ተቀየረ። “ሀያት፣ ያ ቃል ስድብ ነው። ልጆቹ ሰፈር ውስጥ የሚጠሩበት ስም ነው። እኔ ከዚህ ስም ላወጣቸው እየለፋሁ አንቺ በር ላይ ልትለጥፊው ነው?”

ልክ ነበሩ። ግን ስልኬን አውጥቼ “ምን አጥፍቼ ነው” የሚለውን አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ይቺ እናት አሁን እዚህ ብትቀመጥ ምን ይሏታል?” አልኳቸው።

“ምንም አላጠፋሽም እላታለኋ” አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የማንም እርግማን አይደለም። ልጅሽ ይድናል። በየሳምንቱ ጄሶ እያደረግን፣ እግሩን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን። አንዳንዱ ልጅ ተረከዙ አካባቢ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከዚያ ሲተኛ የሚያደርገው ልዩ ጫማ አለ፤ እሱን ለጥቂት ዓመታት ሳታቋርጪ ታደርጊለታለሽ። አድጎ እንደ ማንኛውም ልጅ ጫማ ያደርጋል፣ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል። ብቻ ቶሎ አምጪው።”

እየጻፍኩ ነበር። “ገጹ ይሄ ነው” አልኳቸው።

ተስማማን። “ቆልማማ” የሚለው ቃል እኛ ልጁን የምንጠራበት ሆኖ አይገባም። የእናቲቱ ጥያቄ ሆኖ ርዕሱ ላይ ይገባል፤ “ልጄ እግሩ ቆልማማ ሆኖ ተወለደ፤ ይድናል ወይ?” የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “ይድናል” ይላል። “እርግማን” የሚለውም እንዲሁ አንዴ ይጠየቃል፤ ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው የዶክተር መሠረት ንግግር ነው፤ እኔ የጨመርኩት የክሊኒኩን አቅጣጫ ብቻ ነው።

አቶ ፍሰሐ ረቂቁን ሲያዩ የድሮ ልማዳቸው መጣባቸው።

“ቁልፍ ቃሉ ብዙም አልገባም እኮ።”

“ገጹን የከፈተ ሰው ቃሉን ሁለተኛ አይፈልገውም አቶ ፍሰሐ። አንዴ ደርሷል።”

ወረቀት ላይ አትመው፣ እንደ ድሮው እስክሪብቶ ይዘው፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡት። “ሕፃን” የሚለውን በየቦታው አንድ ዓይነት አደረጉ። አማራጭ አጻጻፎቹን ሁሉ እንደርድር ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነበር፤ አልጠየቁም። “አንባቢ ፊት የተዝረከረከ ጽሑፍ አይወጣም” አሉ። ማሽኑን መፍራት ያቆሙት ያን ቀን ይመስለኛል።

ገጹ ወጣ። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ዶክተር መሠረት ደወሉልኝ።

“ሥራ ላይ ነሽ? ትንሽ ብቅ ማለት ትችያለሽ?”

ድምፃቸው ሌላ ነበር። አንድ ስህተት የተገኘ መስሎኝ በፍጥነት ሄድኩ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው፤ አንዱ እግሩ ከጣቱ እስከ ጭኑ አዲስ ነጭ ጄሶ ለብሷል። ዶክተር መሠረት ከበሩ ላይ ሆነው “ዘሀራ፣ ያልኩሽ ልጅ ይቺ ናት” አሏት።

ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። “አንቺ ነሽ የጻፍሽው?”

“የተናገሩት ዶክተር ናቸው። እኔ ጻፍኩት።”

“አላህ ይስጥሽ እህቴ” አለችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከአስኮ ነው የመጣችው። ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ለአራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ “እስቲ እንየው” ሲላት፣ “ተኝቷል” እያለች ከነጥቅሉ ታሳያቸው ነበር። እግሩን ያየው ባሏ ብቻ ነው። እሱም ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። የወለደችበት ቦታ “ሲያድግ ይታያል” ብለዋት ሸኝተዋታል። ቤት ውስጥ ስለ እግሩ ማውራት አቆሙ።

“ምን ብለሽ ፈልገሽ አገኘሽን?” አልኳት። የሥራ ጥያቄ ነው፤ ማንንም እጠይቃለሁ። “ቆልማማ እግር” ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

“ኧረ እኔ ያንን ቃል በአፌም አላወጣው፣ በእጄም አልጽፈው” አለች። ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። የጻፈችው ጥያቄ እዚያው ነበር።

“ልጄ ሲያድግ ጫማ ማድረግ ይችላል ወይ”

ሌላ ምንም የለበትም። እግር የለም፣ በሽታ የለም፣ ሕክምና የለም። ከሥሩ የእኛ ገጽ ወጥቷል፤ ማሽኑ ከጽሑፉ መሐል ያቺን የዶክተር መሠረትን ዓረፍተ ነገር መርጦ አስቀምጦላታል። “አድጎ እንደ ማንኛውም ልጅ ጫማ ያደርጋል፣ ይሮጣል።”

እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማንም ፍለጋ ብዬ አላስገባኋትም። ቁልፍ ቃሎቼ ውስጥ “ጫማ” የሚባል አልነበረም። ዶክተሯ እናትን ሊያጽናኑ የተናገሯት ነገር ናት። ሊታሰብ የማይችል ብዛት ካለው ጽሑፍ መሐል፣ ስንት የጫማ መሸጫ ባለበት ዓለም፣ አስኮ ያለች አንዲት እናት ጥያቄና ቤቴል ያሉ አንዲት ሐኪም መልስ ተገናኙ። ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለሌላ ሰው የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን የማውቀው ሁሉ አልበቃኝም።

“ሳነበው ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?” አለችኝ ዘሀራ። “ጮክ ብዬ ለባሌ አነበብኩለት። ‘ድገሚው’ አለኝ። ደገምኩለት። ‘ልብስሽን ልበሺ’ አለኝ።”

ሕፃኑ ጄሶ የለበሰ እግሩን አንስቶ ጭኗ ላይ ጣለው። ከባድ መሆኑ የገረመው ይመስላል። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አላስቻለኝም። ዶክተር መሠረት ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ሌላ ልጅ እየጠበቃቸው ነበር።

ዘሀራ ልጇን በየሳምንቱ አመላለሰች። እግሩ በየጄሶው ሲቃና ዶክተር መሠረት ይነግሩኝ ነበር። ከክሊኒኩ በር ላይ አንዴ አገኘኋት፤ ልጁን ሳትጠቀልለው ይዛው ነበር፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየው።

አሁን በዚያው ቢሮ አዲስ የሚመጡ ጸሐፊዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። አቶ ፍሰሐ ጡረታ ወጥተዋል። አዲሶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ቁልፍ ቃል በአንድ ገጽ ስንት ጊዜ መግባት እንዳለበት ነው። ቁጥር አልሰጣቸውም። ሰዎች የሚጽፉትን ቃል ፈልጋችሁ አግኙ፤ ርዕሱ ላይና መግቢያው ላይ አስቀምጡት፤ ሰውን የሚያዋርድ ቃል ከሆነ ጥያቄ አድርጉትና ወዲያው መልሱት እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መልሱን እስከ መጨረሻው አሟልቶ መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው በየትኛው ዓረፍተ ነገር በኩል እንደሚገባ ጸሐፊው አስቀድሞ አያውቅም።